ሳጋቱራ ውስጥ ያስተኛሁት ሰዓት እና የሐዋሳ ኬንትሮስ

ሰላም ጓዶች፣ ስለ ድሮ የባህር ኃይል ሰዓቶች ማንበብ ከጀመርኩ ወራት ሆኖኛል፣ አሁን በእጄ የሞከርኩትን ላካፍላችሁ። ዴክ ዋች (መርከበኞች ይዘውት የሚዞሩት ትክክለኛ የእጅ ሰዓት) የለኝም፣ ያለኝ የአያቴ የኪስ ሰዓት ነው፣ በእጅ የሚሞላ።

መጀመሪያ ኪሴ ከትቼው እየዞርኩ በየቀኑ ከስልኬ ጋር ሳስተያየው አንድ ቀን 12 ሰከንድ ሌላ ቀን 30 ወደ ኋላ ይቀራል፣ ልይዘው አልቻልኩም። ከዛ ቢግል የምትባለው የእንግሊዝ መርከብ እ.ኤ.አ. በ1831 ለባህር ቅየሳ ስትነሳ 22 ክሮኖሜትር (ኬንትሮስ ለማወቅ የሚያገለግል በጣም ትክክለኛ የባህር ሰዓት) ጭና እንደነበር፣ ሳጥኖቹንም ሳጋቱራ ውስጥ አስቀምጠዋቸው እንደነበር አነበብኩና ሰፈር ካለ አናጢ ቤት ሳጋቱራ ለምኜ ካርቶን ሞላሁ፣ ሰዓቱን በጀርባው አስተኛሁት፣ ሁሌ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ እሞላዋለሁ። በቃ 10 ቀን ሙሉ በቀን ከ19 እስከ 21 ሰከንድ ብቻ ወደ ኋላ! ሰዓት ወደ ኋላ ቢቀር ችግር የለውም፣ በየቀኑ እኩል ይቅር እንጂ፣ ደምረህ ትመልሰዋለህ።

ዴክ ዋች ለምን እንዳስፈለገም ያኔ ነው የገባኝ። ዋናው ክሮኖሜትር ከቦታው አይነሳም፣ ስለዚህ ዴክ ዋቹን ከሱ ጋር አስተያይተው ይዘውት ይወጣሉ፣ የፀሐይን ከፍታ በሴክስታንት (የማዕዘን መለኪያ) ይለካሉ፣ ሲመለሱ እንደገና ያስተያያሉ። 4 ሰከንድ ከተሳሳቱ ምድር ወገብ ላይ አንድ የባህር ማይል፣ 1852 ሜትር ስተዋል፣ ባህር ውስጥ ያለ አለት ካርታው ላይ ያለቦታው ተሳለ ማለት ነው፣ ይሄ መርከብ የሚያሰጥም ስህተት ነው።

ታህሳስ 10 ሰዓቱን በስልኬ አስተካክዬ ከዛ በኋላ አላነጻጸርኩትም። ታህሳስ 16 (በዛ ሰሞን የሀገራችን ሰዓት በተቀመረበት መስመር ላይ የፀሐይ ቀትርና የሰዓት ቀትር ስለሚገጥሙ ነው የመረጥኩት) ሐይቁ ዳር ዘንግ ተክዬ ዙሪያውን ክብ ሰራሁ፣ የጥላው ጫፍ ጠዋትና ከሰዓት ክቡን ሲነካ ሰዓቱን ጻፍኩ፣ የሁለቱ መሃል፣ ማለትም የፀሐይ ቀትር፣ 6:24 መጣ። የሀገራችን ሰዓት በ45 ዲግሪ ምስራቅ ኬንትሮስ ነው የተቀመረው፣ ወደ ምዕራብ በየአንድ ዲግሪው ቀትር 4 ደቂቃ ይዘገያል፣ 24 ደቂቃ 6 ዲግሪ ነው፣ ስለዚህ 39 ዲግሪ ወጣ። ሐዋሳ ግን 38.5 አካባቢ ናት፣ 55 ኪሎ ሜትር ወደ ምስራቅ ሄጃለሁ! ከዛ የ6 ቀኑን 20 20 ሰከንድ፣ ማለትም 2 ደቂቃ ጨመርኩበት፣ 6:26፣ ልክ 38.5 ዲግሪ። ደብተሩ ላይ ሶስቴ ደመርኩት፣ ያው ነው። አጠገቤ ዓሣ የሚሸጠው ልጅ ምን አግኝተህ ነው ሲለኝ ቁጥሩን ነው ያሳየሁት።

ቀጥሎ ካርቶኑን አቅፌ በአውቶቡስ አዳማ ልወስደው ነው፣ እዛ ፀሐይ ከሐዋሳ 3 ደቂቃ ገደማ ቀድማ ነው መሃል ሰማይ የምትደርሰው። መንገዱ ሰዓቱን ያውከው እንደሆነ ከመሄዴ በፊትና ስመለስ አስተያይቼ እጽፍላችኋለሁ።