እርጥብ ማገዶና እኔ፦ ከጦሳ እስከ ጉጉፍቱ

ማስታወሻ ደብተሬ ላይ የመጀመሪያው መስመር እንዲህ ይላል፦ «ሐምሌ 12። ጦሳ። ዝናብ። 1 ሰዓት ከ40 ደቂቃ። ላይተሩ አለቀ። ቡና የለም።» ከዚያ በታች ምንም አልጻፍኩም። በጣም ተናድጄ ነበር።

የቅርቡ ደግሞ፦ «ነሐሴ 3። ጉጉፍቱ አካባቢ። ካፊያ። 17 ደቂቃ። 2 ክብሪት። ጀበናው ገነፈለ።» ሰዓቱና ደቂቃው በዝናብ ከእርጥብ ማገዶ እሳት ለማንደድ የታገልኩበት ነው። በመሃሉ ዓመት ከሦስት ሳምንት አለ። በክረምት ድንኳን ይዛችሁ የምትወጡ ልጆች ከእኔ ጥፋት የምታተርፉት ነገር አይጠፋም ብዬ ነው የምጽፈው።

ደሴ ያደገ ሰው እርጥበት አላውቅም ቢል ማንም አያምነውም። ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ፒያሳን ሲውጣት እያየን ነው ትምህርት ቤት የሄድነው። የተሰጣ ልብስ ሦስት ቀን ይውላል። ግን እሳትን በተመለከተ የከተማ ልጅ ነኝ። ቤታችን ከሰል በላምባ ይቀጣጠላል፣ ቀጥሎ ስቶቭ መጣ፣ አለቀ። ደረቅ እንጨት ከየት እንደሚመጣ አስቤ አላውቅም።

ጦሳ ላይ የያዝኩት ሁለት ላይተር፣ አንድ ጥቅል ሶፍትና ብዙ መተማመን ነበር። መሬት ላይ የወደቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ሰበሰብኩ፤ ክንዴን የሚያካክል። ሶፍቱ ቦግ ብሎ ነደደ። እንጨቱ ግን «ጭስስስ» አለና ጫፍና ጫፉ ላይ አረፋ ደፈቀ። ጓደኛዬ ጃንጥላ ይዞ ከላዬ ቆሟል። በየአምስት ደቂቃው «አብሽር፣ ሊይዝ ነው» ይለኛል። ሳይይዝ መሸ። ዓይናችን ቀልቶ፣ ልብሳችን ጭስ ጭስ እያለ ወረድን። እናቴ በር ላይ አይታን «ከማን ለቅሶ ነው?» አለችን።

«በደረቅ አበሳ እርጥብ ይነዳል» ይባላል። ይህን የተረተው ሰው ሐምሌ ላይ ጦሳ አልወጣም ብዬ ደምድሜ ነበር።

ቆይቼ ስረዳው ነገሩ ቀላል ነው። ያ አረፋ ውሃ ነው። ለማገዶ ደህና ደርቋል የሚባል እንጨት ከክብደቱ አንድ አምስተኛው እንኳ ውሃ አይደለም። አሁን የተቆረጠ ግን ግማሹ ውሃ ሊሆን ይችላል። እንጨት ለመቀጣጠል 300 ዲግሪ አካባቢ መድረስ አለበት። ውስጡ ያለው ውሃ ተንኖ እስኪያልቅ ደግሞ ከመፍያው ነጥብ ብዙም አያልፍም። ስለዚህ እርጥብ እንጨት መጀመሪያ ይቀቀላል፣ ቀጥሎ ይደርቃል፣ መጨረሻ ላይ ነው የሚነደው። የእኔ ሶፍት ለመቀቀሉ እንኳ አልበቃችም።

ቀጥሎ ያለው የመሣሪያ ዘመን ነው። ሁላችንም ሳናልፍበት የማንቀር አይመስለኝም። ችግሩ ማቀጣጠያው ነው ብዬ አመንኩ። ጥጥ በቫዝሊን አሸሁ። ይሄ እውነት ለመናገር ጎበዝ ነው፤ አንዷ ድብልብል አራት አምስት ደቂቃ ትነድልኛለች። ክብሪት በሻማ ነከርኩ። የብስክሌት ከመነዳሪ ቆራረጥኩ። እሱ በዝናብም ይነዳል፣ ግን ጥቁር ጭሱ ጀበናውን አለበሰው። «ቡናው ጎማ ጎማ ይላል» ተባልኩ፣ ልክ ነበሩ። ፌስታልም እንደዚያው ነው፤ ምግብ የምታበስሉበት እሳት ላይ አታድርጉት። ከሁሉም የወደድኩት ጧፍ ነው። ክርና ሰም ነው፣ ኪስ ውስጥ አይሰበርም፣ ሲነድም ረጋ ብሎ ነው። አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ ሁለት ሦስት አይጠፋም።

ግን ውጤቱ ምን ሆነ? ነሐሴ ላይ 1 ሰዓት ከ10። ጳጉሜን ላይ ቦሩ ሜዳ 55 ደቂቃ፣ እሱም ውሃው ሳይፈላ እሳቱ ጠፋ። ሜዳው መሃል ተቀምጬ፣ በ1870 ዓ.ም. አፄ ዮሐንስ እዚህ የሃይማኖት ጉባኤ ሲያደርጉ ያ ሁሉ ሰው ቂጣውን በምን ማገዶ ጋገረው እያልኩ ነበር። መቼም በቫዝሊን አይደለም።

አንድ አደጋም ልንገራችሁ። ቦርከና ዳር ሦስት ጉልቻ ከወንዙ አውጥቼ ተከልኩ። ለስላሳ፣ ቆንጆ ድንጋይ። እሳቱ ገና ሲጠና አንደኛው «ጧ!» ብሎ ተሰነጠቀ። ስባሪው ጉንጬን ታኮ አለፈ። ውሃ ውስጥ የኖረ ድንጋይ በስንጥቁ ውሃ ይዞ ይቆያል፤ ሲሞቅ እንፋሎቱ መውጫ ያጣል። ጉልቻ ከፍ ካለ መሬት ልቀሙ።

የተማርኩት መጋቢት ላይ ነው፤ በበልግ ዝናብ። ከደሴ ወደ አቅስታ በሚወስደው መንገድ ጉጉፍቱ ወጥተን ነበር። ቦታው ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ እሳቱም እንደ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ከአንድ ካብ ስር ተጠግተን እንደ ልማዳችን ስናጨስ፣ ከላይ ካለው ቤት አንዲት እናት ጋቢያቸውን ተከናንበው ወረዱ።

«ምን እያረጋችሁ ነው ልጆቼ?»

«እሳት እያነደድን ነው እማማ።»

«ይሄማ ማጠን ነው።»

ጎንበስ ብለው የከመርኩትን በሙሉ በእጃቸው በተኑት። አልተቆጡም፤ ሽሮ ውስጥ የገባ ፀጉር እንደሚያወጣ ሰው ነበር ሁኔታቸው። «ጭራሯችሁስ?» አሉኝ። ያለኝን አሳየኋቸው፤ አንድ ጭብጥ የማይሞላ። ሳቁ። «ይሄማ የጥርስ መፋቂያ ነው!»

ወደ ቤት ገቡና በገል ላይ ሁለት ፍም፣ በሌላ እጃቸው ግማሽ ኩበት፣ በብብታቸው ደግሞ አንድ እቅፍ ጭራሮ ይዘው መጡ። ጭራሮው ጥቀርሻ ጠጥቶ ጠቁሯል። ከምድጃው በላይ ካለው ቆጥ ነው ያወረዱት። ክረምት ከበልግ እዚያ ጭስ ሲመታው ይኖራል፣ ሲሰበር «ቀጭ» ይላል። መጀመሪያ መሬቱ ላይ ሁለት ጠፍጣፋ ፍልጥ አነጠፉ። ኩበቱን ሰባብረው በላዩ፣ ፍሙን በመሃል። ጭራሮውን ሁሉንም አንዴ አልጫኑትም፤ ግን ሁሉም እጃቸው አጠገብ ነው። እፍ ሲሉ አላየሁም ማለት ይቻላል። ጉንጫቸውን ወደ መሬት አስጠግተው ረጅም፣ ቀጭን ትንፋሽ፣ እንደሚያንሾካሹክ ሰው። እኔ ጡሩምባ ነፊ ነበርኩ።

ሲይዝ የእኔን እርጥብ ፍልጥ አመጡና እሳቱ ላይ ሳይሆን ዙሪያውን አቆሙት። ከእያንዳንዱ እንፋሎት መውጣት ጀመረ። አንዱ ሲነድ ሌላው ይደርቃል። ያን ተረት በአደባባይ ይቅርታ ጠየቅኩት። እርጥቡ ይነዳል፤ ደረቁ ግን አንድ ጭብጥ ከሆነ አይሆንም።

ሊሄዱ ሲሉ «እሳት ከፈለጋችሁ ከቤት አትጭሩም?» አሉን። እኛ እኮ ካብ ስር የተጠለልነው ሰው ላለማስቸገር ነው። እሳቸው ግን ሰው ንቀን ያለፍን ነው የመሰላቸው።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው ይሄ ነው። ጉዱ እዚህ ጋ ነው፦ ደብተሬ ላይ ያለው 17 ደቂቃ ክብሪቱ ከተጫረ በኋላ ያለው ነው። ከዚያ በፊት 45 ደቂቃ ለቀማ አለ። ድሮ አምስት ደቂቃ ለቅሜ ከአንድ ሰዓት በላይ ነበር የማጨሰው።

መሬት የተኛ እንጨት አልነካም፤ ስፖንጅ ማለት ነው። ዛፉ ላይ እንደተሰቀለ የሞተ ቀጭን ቅርንጫፍ ነው የምፈልገው። ሳጎብጠው ዝም ብሎ ከታጠፈ እተወዋለሁ፣ ቀጭ ካለ ወደ ከረጢት። ካብ ስር፣ ዋሻ አፍ፣ ትልልቅ ዛፍ ግርጌ ነፋስ በማይመታው በኩል አያለሁ። ውፍረቱን በሦስት እለያለሁ፤ የክብሪት እንጨት፣ እርሳስ፣ አውራ ጣት። የክብሪት እንጨት የሚያክለው አንድ ሙሉ እቅፍ ካልሆነ አልጭርም። ጓደኞቼ እስኪሰለቻቸው ድረስ።

ቀጭን ከጠፋ ወፍራሙን እፈልጣለሁ። ላዩ የበሰበሰ የመሰለ ግንድ ብዙ ጊዜ ልቡ ደረቅ ነው። የፈለጥኩትን ልብ በቢላዋ እየላጥኩ፣ ልጣጩን ሳልገነጥል እንደ ዶሮ ላባ ተጠቅልሎ እንዲቀር አደርጋለሁ። አምስት እንደዚህ ያለ በትር ከአንድ ጥቅል ሶፍት ይበልጣል። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም ስገነጥለው ነበር። እጅ ይለምዳል።

ስለ እንጨቱ ዓይነት የእኔ አስተያየት፦ የጥድ ቅርፊት ተልጦ በመዳፍ ሲታሽ እንደ ቃጫ ይሆናል፤ ከጧፉ ነበልባል ቶሎ የሚቀበልልኝ እሱ ነው። ክትክታ እርጥቡም ቢሆን ይነዳል፤ ቅጠሉ ሙጫማ ነው። ከፍ ካለው ደጋ ላይ አስታም እንደዚያው። ባሕር ዛፍ ቶሎ ይነዳል፣ ቶሎ ያልቃል። ወይራ ለመያዝ ይለግማል እንጂ ከያዘ ፍሙ ሌሊቱን ይዘልቃል። ጥድና አስታ ላይ ግን እጃችሁን ሰብስቡ። የሞተና የወደቀ ቅርፊት ብቻ፣ የተጠበቀ ደን ውስጥ ከሆናችሁ እሱንም አትንኩ። የሰው ባሕር ዛፍም ባለቤት አለው። ጠይቁ፣ ማንም አይከለክላችሁም።

ትንንሽ ነገሮች። ጋዝ ላይተር ሲበርደው ይለግማል፤ ብብት ውስጥ ትንሽ አቆዩት። ከእሳቱ በላይ ሸራ ከወጠራችሁ ከፍ አድርጉት። እሳት ካልነደደ ተብሎ ፍም ወይም ከሰል ድንኳን ውስጥ ይዞ መግባት ግን አይሞከርም። በዝግ ቤት ከሰል ስንት ሰው ተኝቶ እንደቀረ ሁላችንም የምናውቀው ነው። ድንኳንም ዝግ ቤት ነው።

አሁንም የማልችለው አለ። ነፋስ ያለበት ዝናብ ያሸንፈኛል። በአንድ ክብሪት ብቻ ለማንደድ በዝናብ አምስት ጊዜ ሞክሬ አንዴ ነው የተሳካልኝ።

ነሐሴ ላይ ጉጉፍቱ ስንመለስ ለእኚያ እናት ቡናና ስኳር ይዘን ሄድን። ጥሬ ቡናውን አሽትተው «የት ነው የገዛችሁት?» አሉና መልሱን ሳይሰሙ ሊቆሉት ገቡ። ማታ እሳቴን ወርደው አዩት። «ዛሬስ ነደደ» አሉ። ቆየት ብለው፣ «እንጨት ግን ታባክናላችሁ።» ከዚያ እሳት እንዴት እንደሚዳፈን አሳዩኝ፤ ፍሙን ሰብሰብ፣ ኩበት ጣል፣ አመድ አልብስ።

እንዳሉት አድርጌ ተኛሁ። ሲነጋ በእንጨት አመዱን ገለጥ ሳደርገው አንድ ባቄላ የምታህል ፍም ዓይኗን ገልጣ አየችኝ። ጭራሮ ፍለጋ ተሯሯጥኩ። ስመለስ ጠፍታለች።