ባቴና ጉግል

ባቴ እርግብግብ ማለት ከጀመረ ሦስት ሳምንቱ። ሌሊት ጉግል ገባሁና ኤኤልኤስ የሚባል፣ ጡንቻን እያደከመ የሚገድል የነርቭ በሽታ አገኘሁ። በቃ፣ እንቅልፍ የለም። የፊዚክስ ሊቁ ስቲቨን ሃውኪንግ ይኸው በሽታ እንዳለበት በ21 ዓመቱ እንደተነገረው ሳነብማ ኑዛዜ ብቻ ቀረኝ። (እስከ 76 ዓመቱ መኖሩን አላየሁም።)

ዛሬ ጠዋት ከቱሉ ዲምቱ ታክሲ ይዤ ሐኪም ዘንድ ሄድኩ። በተረከዜ አስኬደኝ፤ በጣቶቼ አስቆመኝ፤ ጉልበቴን በትንሽ መዶሻ መታ መታ አደረገ።

«እግርህ አልደከመም፣ ጡንቻህም አልሟሸሸም። ቡና በቀን ስንት ነው?»

አቦል፣ ቶና፣ በረካ። ቢሮ ደግሞ ማኪያቶ።

«እንቅልፍስ?»

ሳቅሁ።

ማታ ለእማዬ ነገርኳት። «ዓይን ሲርገበገብ እንግዳ ይመጣል። ባት ሲሆን እንጃ» ብላ ረከቦቱን አቀረበች። አቦሏን ብቻ ጠጣሁ። ይኸው ይህን ስጽፍም ቱክ ቱክ ይላል።