ማሙሽ ካርድ የለውም

ካርዱ የባለቤቴ ነው። ለሥራ ባሕር ዳር ይመላለሳል፤ በሄደ ቁጥር የሚያርፈውም አንድ ሆቴል ብቻ ነው። ሆቴሉ ደንበኝነቱን ቆጥሮ አንድ ቀን ካርድ አወጣለት። ካርዱ ያለው ሰው ላይኛው ፎቅ ወዳለው ላውንጅ ይገባል። ቡናው በነፃ፣ ብስኩቱ በነፃ፣ ማታ ማታ ደግሞ አንድ ሁለት ብርጭቆ ወይን በነፃ። ባለቤቴ ስለዚህ ላውንጅ ማውራት ከጀመረ ጣናን ራሱ የቆፈረው ነው የሚመስለው። ልጃችን ማሙሽም ይህን ወሬ እየሰማ ነው ያደገው።

በ2011 ዓ.ም. ጥር መጨረሻ፣ የማሙሽ የግማሽ ዓመት ፈተና እንዳለቀ፣ «በቃ ጎጃም እንሂድ» ተባለ። ያኔ ሰባት ዓመቱ ነበር። ከአሜሪካ ለእረፍት የመጣችው ዋርሳዬም አብራን ነበረች። የባለቤቴ ታላቅ እህት ናት፤ እትዬ ነው የምላት። አማቴን ደግሞ ደብረ ማርቆስ ስንደርስ እንወስዳቸዋለን።

እትዬ ነርስ ናት። ሌሊት ሌሊት እየሠራች የምታጠራቅመውን ገንዘብ በዓመት አንዴ ሁለቴ የመዝናኛ መርከብ ላይ ታራግፈዋለች። ክሩዝ ይሉታል። ከአዲስ አበባ እስከ ጎሃ ጽዮን ድረስ ስለ ክሩዝ ነገረችን። ደብረ ማርቆስ ተወልዳ፣ ባሕርን በጂኦግራፊ መጽሐፍ ብቻ አይታ ያደገች ሰው ናት እኮ! አሁን ስለ ካሪቢያን ማዕበል ስታወራ ካፒቴን ነው የምትመስለው።

መርከቦቹም እንደ ባለቤቴ ሆቴል ነጥብ ይቆጥራሉ። ለምሳሌ ሮያል ካሪቢያን የሚባለው ድርጅት ለአንድ ሌሊት አንድ ነጥብ ይሰጣል፤ ሰፊውን ክፍል ለያዘ ሰው እጥፍ ያደርግለታል። 80 ነጥብ የሞላለት ዳይመንድ ነው። 175 የደረሰ ዳይመንድ ፕላስ ይባላል። ጫፉ ፒናክል ነው፤ 700 ነጥብ።

«ሰባት መቶ ሌሊት?» አለ ባለቤቴ መሪውን እንደያዘ። «ኖኅ እንኳ ዓመት ያህል መርከብ ውስጥ ከርሞ ፒናክል አልደረሰም ማለት ነው።»

«እሱስ ልጆቹን ይዞ ነው የገባው» አልኩ።

«በአባታቸው ነጥብ!» አለች እትዬ።

ነገሩ የተነሳው እዚህ ጋ ነው። ለካ የቆረቆራት ነገር አለ። ልጆች የወላጆቻቸውን ደረጃ ይዘው ይሳፈራሉ፤ ሮያል ካሪቢያን ላይም ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ በወላጁ ደረጃ ነው የሚታየው። አባትየው ዳይመንድ ከሆነ የሦስት ዓመቱም ልጅ ዳይመንድ ነው። እትዬ ባለፈው ጉዞዋ (የየትኛው ድርጅት መርከብ እንደሆነ ይቅር) ላውንጅ ውስጥ ቡናዋን ይዛ ቁጭ ባለችበት፣ አንድ ሕፃን የዳቦውን ሳህን አንድ በአንድ እየነካ፣ አንዱን ገምጦ እየመለሰ ሲዞር አየች። እናቱ ስልኳ ላይ ናት። ሌላው ደግሞ ሶፋው ላይ ከነጫማው ይዘላል።

«እኔ ያንን ወንበር ያገኘሁት ስንት ሌሊት ሠርቼ መሰለሽ?» አለችኝ። «ልጆች እኮ ገንዳ አላቸው። መንሸራተቻ አላቸው። ከሦስት እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ላሉት ሞግዚት ያለበት ክበብ አለ። መርከቡ በሙሉ የነሱ ነው። ለእኛ አንዲት ክፍል ብትቀር ምን አለበት?»

ከጎሃ ጽዮን ቁልቁል መውረድ ጀምረናል። ጆሮ ይደፈናል፣ ሹራብ ይወልቃል። ሙቀቱ እንደ ምጣድ እፍ ይላል። እኔም ከሙቀቱ ጋር ሞቅ አለኝ መሰለኝ፣ «ለልጁም እኮ ተከፍሎለታል» አልኳት። «ወላጅ ልጁን የት ይጣለው? አንዱ ውጭ እየጠበቀ ሌላው ገብቶ ወይን ይጠጣ?» ያጠፋው ልጁ ሳይሆን ስልኳ ላይ ያፈጠጠችው እናት ናት አልኩ። እትዬ ደግሞ እናቲቱን ማስወጣት ስለማይቻል ነው ልጁ የሚከለከለው አለች። በጃፓን እርዳታ የተሠራውን የዓባይ ድልድይ የተሻገርነው ስንጨቃጨቅ ነው። እንዲህ ያለ በረሃ አቋርጦ ስለ መርከብ ላውንጅ ዳቦ የሚከራከር ሰው እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም። ማሙሽ በመስኮት ዝንጀሮ ይቆጥራል። ደጀን ላይ ስንወጣ ብርዱ ተመለሰ፣ ሹራብም ተመለሰ፣ ክርክሩ ግን አላለቀም።

ማታ አማቴ ቤት አደርን። ደብረ ማርቆስ ጥር ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል። እራት ሲቀርብ ማሙሽ ማንንም ሳይጠብቅ መሶቡ አጠገብ ዘፍ አለ፣ ዓይኑን እንቁላሉ ላይ ተክሎ። አማቴ ሳቁ።

«እኛ ልጆች ሳለን መሶብ ዳር የሚያደርሰን ማን አለ?» አሉ። «እጅ ታስታጥቢያለሽ፣ ኩራዙን ይዘሽ ትቆሚያለሽ። አባቶች በልተው እስኪጠግቡ ቀና ብሎ ማየት ነውር ነው። እጅሽ ዝሎ ኩራዙ ዘንበል ካለ ደግሞ ጉድሽ ፈላ።»

«የሚበሉት መቼ ነው ታዲያ?» አልኳቸው።

«ሲተርፍ።» ትንሽ አሰቡና፣ «አባቴ ግን ሆን ብሎ ያስተርፍልኝ ነበር። ከሥጋው አንዷን እንጀራ ሥር ይደብቃታል። ኩራዙን ይዤ እሷን ነበር የማየው» አሉ።

እትዬ አሸነፍኩ በሚል ዓይን አየችኝ። የጎጃም ሽማግሌዎች የዛሬ ስንት ዓመት ላውንጃቸውን ዘግተው ነበር ማለት ነው። አማቴ ግን ይህን ሲናገሩ ጉርሻ ጠቅልለው ማሙሽ አፍ ውስጥ እየከተቱ ነበር። በእሳቸው ቤት ሕጉ ከተሻረ ቆይቷል።

በማግስቱ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ፣ እንጅባራ፣ ዳንግላ። ማሙሽ አብዛኛውን ተኝቶ ነው ያለፈው። ነቅቶ ሲጠይቅ ደግሞ ጥያቄው አንድ ነው፤ «ላውንጁ ደረሰ?»

ደረሰ። ሻንጣችንን አስቀምጠን፣ ፊታችንን ታጥበን፣ አምስታችንም በሊፍት ወጣን። ባለቤቴ ካርዱን እንደ መታወቂያ አስቀድሞ ይዟል። በሩ ላይ ያለው አስተናጋጅ ልጅ ትሑት ነው፣ ጎንበስ ብሎ ሰላም አለን። ከዚያ ማሙሽን አየው።

«ይቅርታ፣ ከ12 ዓመት በታች ለሆኑ ልጆች አይፈቀድም።»

ባለቤቴ ሳቀ፤ ቀልድ መስሎት ነው። ስንመላለስ ኖረናል፣ ማንም አልነገረንም አለ። አስተናጋጁ ትልልቅ እንግዶችን በሙሉ ማስገባት እንደሚችል፣ ስለ ሕፃን ግን ትእዛዝ እንዳለበት አስረዳን። በሩ ላይ ጽሑፍ የለም። አልጋ ስንይዝም የተባለ ነገር የለም። ከአስተናጋጁ ትከሻ በላይ ሐይቁ ወለል ብሎ ይታያል። ማሙሽ ደግሞ አንገቱን አስግጎ ብስኩቱን አይቶታል።

«እኔ ምን አደረግኩ?» አለኝ ቀስ ብሎ።

እዚህ ላይ ማን ቢናደድ ጥሩ ነው? እትዬ! ከጎሃ ጽዮን ጀምሮ ልጅ አይግባ ስትል የነበረችው ሴትዮ፣ ለወንድሟ ልጅ ሲሆን አንበሳ ሆነች። «ይሄ እኮ ጨዋ ልጅ ነው! ይቀመጣል እኮ! ከፈለግክ እኔ ጎን ይቀመጣል!» ትላለች። ሥራ አስኪያጅ ጥሩልኝ አለች። አማቴም ነጠላቸውን አጣፍተው፣ «ኧረ ጉድ ነው! ቅዳሴ ላይ እንኳ ቀድሞ የሚቆርበው ሕፃን አይደለም? ይሄ ከቅዱስ ቁርባን በልጦ ነው?» አሉ። በሩ ላይ የቆመው ልጅ ይህን የሚመልስበት ትእዛዝ አልተሰጠውም። ፊቱ ላብ አቸፈቸፈበት። አሳዘነኝ፤ ሕጉን ያወጣው እሱ አይደለም።

ሁላችንም ወረድን። ሐይቁ ዳር የተጠበሰ አሳ አዘዝን። ማሙሽ የአሳውን ዓይን ሲያይ ላውንጁን ረሳው። እኛ ነን ያልረሳነው።

በማግስቱ ጠዋት በጀልባ ወጣን። ደንገል ታንኳ የሚቀዝፉ ሰዎች እየተሻገሩን ያልፋሉ፤ ማሙሽ ለሁሉም እጁን ያወዛውዛል። ጀልባው መጀመሪያ ክብራን ገብርኤል ላይ ቆመ። እዚያ ገዳም ሴት አይገባም፤ ከጥንት የኖረ ሥርዓት ነው። ባለቤቴ ማሙሽን ይዞ ወረደ። እኔ፣ እትዬና አማቴ ጀልባው ላይ ቀረን።

ማሙሽ ዞር ብሎ አየን። «እናንተስ?»

«እኛ አንገባም።»

«ካርድ የላችሁም?»

አማቴ እስኪያነቡ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፤ ከዚያ ግን ሳስበው ደነቀኝ። አሥራ አምስት ኪሎ የሚመዝን ቦርሳ የሚያህል ልጅ ገባ፤ ሦስት ትልልቅ ሴቶች ውጭ ቀረን። አንዳችንም አልተቀየምንም። ለምን? ከቤታችን ስንነሳ እናውቀዋለን። አማቴ ለጥበቃው የሚሆን ቆሎ በመሐረብ ቋጥረው ነው የመጡት። ማንም በር ላይ አላቆመን፣ ማንም ከልጅ ፊት «ይቅርታ» አላለን። ትናንት ማታ ሆዴን የበላው ክልከላው ራሱ አልነበረም፤ ልጄን ይዤ በሩ ድረስ መውጣቴ ነበር።

እትዬ ቆሎዋን እየቆረጠመች ትንሽ ለዘብ አለች። የመርከቡ ጭቅጭቅም እንደዚሁ ነው አለችኝ። አንዱ መርከብ ላይ ይገባሉ፣ ሌላው ላይ አስተናጋጁ ይከለክላል፣ ሦስተኛው ላይ ጠዋት ይገባሉ ማታ አይገቡም። ሰው የሚጣላው ትናንት የተፈቀደለት ዛሬ ሲከለከል ነው። በኋላ እንደሰማሁት፣ በ2021 እ.ኤ.አ. ሥራ የጀመረው ቨርጂን ቮያጅስ ደግሞ ከ18 ዓመት በታች ያለን ሰው ጭራሽ አያሳፍርም። ትኬት ሳይቆረጥ የታወቀ ነገር ስለሆነ ልጁን ይዞ በር ላይ የሚቆም ወላጅ የለም። አውሮፕላኖቹም ቢሆኑ ነገሩን በቁጥር ገላግለውታል፤ ስታር አሊያንስ የሚባለው የአየር መንገዶች ኅብረት ወርቅ ካርድ ያለው ሰው ላውንጅ የሚገባው አንድ እንግዳ ይዞ ነው። ሚስትና ልጅ ያለው ሰው ከቤቱ ሳይወጣ ይመርጥ እንግዲህ።

የእኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ ጠዋት ቡናና ብስኩት ባለበት ሰዓት ልጅ ይግባ፤ ከወላጁ ጎን እስከተቀመጠ ድረስ። ማታ መጠጥ ሲከፈት ይውጣ። ይህም አልጋ ሲያዝ ይነገር። እትዬ የመጀመሪያውን አልተቀበለችም። ሁለተኛውንና ሦስተኛውን ተቀበለች። ከክብራን ወደ ዘጌ ስንሻገር ሁለት ለአንድ ነበርን።

ዘጌ ሁላችንም ወረድን። ወደ ዑራ ኪዳነ ምሕረት የሚወስደው መንገድ በቡና ዛፍ ሥር ነው፤ ጥላ፣ ቀዝቃዛ፣ የወፍ ድምፅ ብቻ። ቤተ መቅደሱ ግድግዳ ላይ ያሉትን ሥዕሎች ማሙሽ በፈረስና በሰይጣን ከፋፍሎ ቆጠራቸው። መውጫው ላይ ቡና የምታፈላ ሴትዮ አገኘን። ለማሙሽ ስኒ አልሰጠችውም፤ «ልጅ ቡና አይጠጣም» አለችው። እሱም አልተከራከረም። ስኒ የማዳረስ ሥራ ሰጠችውና በኩራት ሲመላለስ ዋለ። ይህንን ለሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ባሳየው ብዬ ተመኘሁ።

የመጨረሻዋ ማታ። ማሙሽ ደክሞት በጊዜ ተኛ። አማቴ «እኔ አለሁለት፣ ሂጂ» አሉኝ። ባለቤቴም በወጣ በገባ ቁጥር ሲያመሰግነው የነበረውን ላውንጅ እንዳይ ለምኖ ላከኝ። እኔና እትዬ ወጣን። በሩ ላይ ያለው ልጅ ሁለታችን ብቻ መሆናችንን ሲያይ ትከሻው ወረደ።

እውነት ለመናገር ደስ ይላል። ምንጣፉ እርምጃ ይውጣል። ሰዉ ዝግ ባለ ድምፅ ነው የሚያወራው። ሐይቁ እየጠቆረ፣ ዳር ዳር ያሉት ትልልቅ ነጫጭ ወፎች ብቻ እየታዩ። ሰባት ዓመት ሙሉ አንድ ነገር ትኩስ እያለ ጠጥቼ አላውቅም፤ ያን ማታ ሻዬን እስከ መጨረሻው በትኩሱ ጠጣሁ። እትዬ ወይኗን ይዛ ምንም አትናገርም። እኔም ምንም አልናገር።

አሥር ደቂቃ ያህል ቆይቶ ከኋላችን ሳይረን ጮኸ። የአራት ዓመት ገደማ ልጅ ነው፤ የፖሊስ መኪናውን ምንጣፉ ላይ እያሽከረከረ በጠረጴዛዎቹ መሐል ይመጣል። እንዴት እንደገባ እንጃ። አባትየው ራቅ ብሎ ስልክ ያወራል። መኪናዋ ከእግሬ ሥር ደርሳ ቆመች፣ እንደገናም ጮኸች።

«በአባቱ ነጥብ» አለች እትዬ ወደ ብርጭቆዋ።

እኔ አልሰማኋትም ማለት ይቻላል። አንገቴን አዙሬ በሩ ላይ የነበረውን ልጅ እየፈለግሁ ነበር።