ሜዮሲስን በወረቀት ቁራጭ ማስተማር፦ ሦስተኛው ዙር

ሜዮሲስ (ሕዋስ ሁለት ጊዜ ተከፋፍሎ የዘር ሕዋሶችን የሚሠራበት ሂደት) ላይ ተማሪን የሚያስቸግረው የምዕራፎቹ ስም አይደለም። ፕሮፌዝ፣ ሜታፌዝ፣ አናፌዝ እያለ ያልዘረዘረ የለም። "አናፌዝ 1 ላይ የሚለያዩት እነማን ናቸው?" ሲባል ነው ክፍሉ ጸጥ የሚለው። ለዚህ የተሠራው ሞዴል አሁን ሦስተኛ ዙሩ ላይ ነው። ምኑ እንደተለወጠና ለምን እንደተለወጠ ለምታስተምሩ ሁሉ ይኸው።

መጀመሪያ የተሞከረው የሹራብ ክር ነበር። ክሮሲንግ ኦቨር (የእናትና የአባት ክሮሞሶሞች ቁራጭ መለዋወጥ) እስኪደርስ ድረስ ጥሩ ነው። ከዚያ ወዲያ ግን ክሩ ከተቆረጠ የሚቀጠለው በቋጠሮ ስለሆነ፣ ቋጠሮው ከሴንትሮሜሩ (የክሮሞሶሙ ሁለት ቅጂዎች ከሚያያዙበት ቦታ) ጋር ይምታታል። አሊል (የአንድ ጂን ልዩ ልዩ ዓይነት) የሚጻፍበት ቦታም የለውም።

ስለዚህ ወደ ወረቀት። ለሁለት ተማሪ የሚሆን አንድ ጥቅል 8 ቁራጭ አለው፤ ሁሉም 2 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ አራቱ 20 አራቱ 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት። ከየርዝመቱ ሁለቱ ቀይ (ከእናት)፣ ሁለቱ ሰማያዊ (ከአባት)። በተጨማሪ 4 የወረቀት ክሊፕ፣ መቀስ፣ ፕላስተር፣ እስክሪብቶና ሕዋስ የሚሳልበት ትልቅ ወረቀት። ርዝመታቸው የግድ ይለያይ፤ እኩል ከሆኑ ተማሪው ያገኘውን ካገኘው ጋር ያጣምራል። 60 ተማሪ ካለ 240 ቁራጭ ያስፈልጋልና ቀድማችሁ ቁረጡ።

ሥራው የሚጀምረው ዲኤንኤ ከመባዛቱ በፊት፣ በአራት ነጠላ ቁራጭ ነው፤ እያንዳንዱ አንድ ክሮሞሶም ነው። ረጅሙ ላይ ከመሃሉ 2 ሳንቲ ሜትር ርቆ "ሀ"፣ በዚያው ክንድ ጫፍ አካባቢ "መ" ይጻፋል፤ አጭሩ ላይ "ለ"። ቀዮቹ ሀ1፣ መ1፣ ለ1 ሲሆኑ ሰማያዊዎቹ ሀ2፣ መ2፣ ለ2 ናቸው። መባዛት ማለት ተማሪው የዚያኑ ቀለም ሌላ ቁራጭ አንስቶ ፊደሎቹን በገዛ እጁ መገልበጥና ሁለቱን መሃል ላይ በክሊፕ መያዝ ነው። ፊደሉን ቀድማችሁ ጽፋችሁ አትስጡ፤ እህት ክሮማቲድ (በክሊፕ ከተያዙት ሁለቱ አንዷ) ቅጂ መሆኗ የሚገባው እዚህች ላይ ነው።

ትልቁ ስሕተትም የሚፈጸመው እዚሁ ነው። ብዙዎች ቀዩን ከሰማያዊው ጋር ክሊፕ ያደርጋሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ መጻሕፍት ክሮሞሶምን ሁልጊዜ እንደ መስቀል ስለሚስሉት፣ አንዱ እግር የእናት ሌላው የአባት ይመስላቸዋል። ሁለተኛው ዙር ይህን ሳያይ ያለፈው ደግሞ በመጨረሻ የሚታየው የጋሜቶቹ (የዘር ሕዋሶቹ) ውጤት ብቻ ስለነበር ነው። ቀይና ሰማያዊ አጣምሮ እስከ መጨረሻ የሄደ ተማሪ ሁለት ሀ1 እና ሁለት ሀ2 ያገኛል። መልሱ ትክክል ነው፣ መንገዱ ግን የተሳሳተ! የዘር ውርስ ጥምርታ ብቻ የሚጠይቅ ፈተናም ይህን ሰው አይይዘውም።

ስለዚህ ሦስተኛው ዙር ሜዮሲስ 1 እንዳለቀ ይቆማል። የሚጠየቀውም አንድ ነገር ነው፦ ክሮሲንግ ኦቨር ገና ስላልተደረገ፣ ከሁለቱ ሕዋሶች በአንዱ ውስጥ ስንት ዓይነት የሀ አሊል አለ? ትክክል የሠራ አንድ ይላል፣ ቀለም ያጣመረ ሁለት። መጀመሪያ እያንዳንዱ ለብቻው ድምፅ ይስጥ። ትክክለኞቹ ከ30 እስከ 70 በመቶ ከሆኑ የተለያየ መልስ ያላቸው ጎረቤታሞች ይከራከሩና እንደገና ድምፅ ይሰጥ፤ ከዚያ ካነሱ ወደ ወረቀቱ መመለስ፣ ከበለጡ መቀጠል። ዘዴው ኤሪክ ማዙር በሃርቫርድ የፊዚክስ ክፍል የጀመረው ነው፤ ለባዮሎጂም ይሠራል።

እጅ ከመንቀሳቀሱ በፊት ግን የግምት ሠንጠረዥ ይሞላ፤ በእርሳስ ሳይሆን በእስክሪብቶ፣ ማጥፋት እንዳይቻል። ክሮሞሶምና የዲኤንኤ ሞለኪውል ይቆጠራሉ፦ ከመባዛት በፊት 4 እና 4፣ ከመባዛት በኋላ 4 እና 8፣ ከሜዮሲስ 1 በኋላ በየሕዋሱ 2 እና 4፣ ከሜዮሲስ 2 በኋላ 2 እና 2። ሁለተኛው ላይ 8 ክሮሞሶም የሚጽፍ አይጠፋም። ለእሱ የሚበቃው ሕግ፣ በአንድ ክሊፕ የተያዘ ሁሉ አንድ ክሮሞሶም ነው።

አናፌዝ 1 ላይ የሚለያዩት ጥንዶቹ፣ ማለትም እኩል ርዝመት ያላቸው ቀዩና ሰማያዊው ክሮሞሶም ናቸው፤ ክሊፑ የሚከፈተው አናፌዝ 2 ላይ ብቻ ነው። ማይቶሲስን (ተራውን የሕዋስ ክፍፍል) የለመደ እጅ አናፌዝ 1 ላይ ይከፍተዋል። እህት ክሮማቲዶችን የሚያያይዘው ኮሄሲን በሜዮሲስ 1 ክንዶቹ ላይ ይቆረጣል፣ ሴንትሮሜር አካባቢ ያለውን ግን ሹጎሺን የሚባል ፕሮቲን ይጠብቀዋል። ስሙ በጃፓንኛ ጠባቂ መንፈስ ማለት ነው፤ ይህን የሰማ ተማሪ ክሊፑን ለመክፈት አይቸኩልም። ሞዴሉ እዚህ ላይ ጎዶሎ ነው፤ የክንዶቹን ኮሄሲን አያሳይምና ይህን በግልጽ ንገሯቸው።

ከዚያ ሁሉም ወደ መጀመሪያው ተመልሶ፣ በዚህኛው ጊዜ ክሮሲንግ ኦቨር ይጨምራል። አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ ረጅም ቁራጭ ከክሊፑ 5 ሳንቲ ሜትር ላይ ይቆረጡና ጫፎቹ ተለዋውጠው በፕላስተር ይለጠፋሉ። ያለ ቆረጣ ሁለት ዓይነት ጥምረት ብቻ የነበረው፣ አሁን ሀ1መ1፣ ሀ1መ2፣ ሀ2መ1፣ ሀ2መ2 ይሆናል። ሁለት ቀዮችን የቆረጠ ካለ አትከልክሉት፤ ምንም እንዳልተለወጠ ራሱ ያየዋል። ሁለቱን በተለያየ ቦታ የቆረጠ ካለ ደግሞ አንደኛው ቁራጭ ይረዝማል፣ ሌላው ያጥራል፤ ይህም መደጋገምና መጉደል ለሚባሉት ሚውቴሽኖች መግቢያ ይሆናችኋል።

ይህ ሁሉ 50 ደቂቃ ይፈጃል፣ ለአንድ ርዕስ በዛ የሚልም ይኖራል። እ.ኤ.አ. በ2014 ስኮት ፍሪማንና ባልደረቦቹ 225 ጥናቶችን አጠቃለው ሲያዩ፣ በሌክቸር ብቻ በሚሰጥ ኮርስ በአማካይ 33.8 በመቶ፣ ተማሪው ራሱ በሚሠራበት 21.8 በመቶ ተማሪ ይወድቅ ነበር። ቢሆንም ግምት ሳይጻፍ ወረቀት ማንቀሳቀስ ብቻ የእጅ ሥራ ክፍለ ጊዜ ከመሆን አያልፍም።

አለመለያየት የሚቀርበው በሚቀጥለው ክፍለ ጊዜ ነው። ረጅሞቹ ጥንዶች ሜዮሲስ 1 ላይ ሳይለያዩ ቢቀሩ ጋሜቶቹ 3፣ 3፣ 1፣ 1 ክሮሞሶም ይይዛሉ፤ ስሕተቱ ሜዮሲስ 2 ላይ በአንዱ ሕዋስ ብቻ ቢደርስ 3፣ 1፣ 2፣ 2። ቀይና ሰማያዊ ክሊፕ ያደረገ ተማሪ እዚህ ላይ በእርግጠኝነት ይጋለጣል፤ ሜዮሲስ 1 ላይ የተሳሳተው ጋሜት ሀ1 እና ሀ2 ለምን አብረው እንደያዘ፣ የሜዮሲስ 2ቱ ግን አንድ ዓይነት ብቻ ለምን እንደያዘ ሊያስረዳ አይችልም።

መለኪያው በዚያው ቀን አይሰጥ፤ ከክፍል ሲወጣ ሁሉም ጎበዝ ነው። ሳምንት ቆይቶ ባዶ ወረቀት፣ 5 ደቂቃ፣ ሜታፌዝ 1፤ ቁጥሩ ግን 4 ሳይሆን 6 ክሮሞሶም ይሁን፣ የክፍሉን ስዕል በቃሉ እንዳይገለብጥ። ስዕሉ ማማሩ አይታይ። እህት ክሮማቲዶች አንድ ዓይነት ፊደል ይዘዋል? ሦስት ጥንድ ሆነው ቆመዋል? ስድስቱን በአንድ መስመር የደረደረ የሳለው ማይቶሲስ ነው፤ እሱን እንደገና ማብራራት ሳይሆን ጥቅሉን መልሶ መስጠት ነው።