እጅን ሰብስቦ መውደድ

እንቁራሪት አለችኝ ስል ሰዎች መጀመሪያ የሚጠይቁኝ አንድ ነገር ነው። «ትያዛለች?» ይላሉ። ትያዛለች፣ ግን ብዙም አልይዛትም። ይህን ስላቸው ቅር ይላቸዋል። ታዲያ ምን ልትሠራልሽ ነው ዓይነት ነገር። ዛሬ የመስታወት ቤቷን ሳጸዳ ይኸው ጥያቄ ሲመላለስብኝ ዋለ። ልጻፈው ብዬ ተቀመጥኩ።

የእኔዋ የአውስትራሊያ አረንጓዴ የዛፍ እንቁራሪት ናት። ዘሯ ከሰሜንና ከምሥራቅ አውስትራሊያ፣ ከኒው ጊኒም ነው። እሷ ራሷ ግን ከዱር የተያዘች አይደለችም፣ ሰው ቤት ከተፈለፈሉት ናት። ከመውሰዴ በፊት አጥብቄ የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። ዝርያው እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ደልደል ያለና ረጋ ያለ ፍጥረት ነው። ከዛፍ እንቁራሪቶች መካከል የሰው እጅ ይችላሉ ከሚባሉት አንዱ ነው፣ እውነትም ነው። መቻልና መውደድ ግን ለየቅል ናቸው።

ነገሩ ሁሉ ያለው ቆዳዋ ላይ ነው። እንቁራሪት ውሃ በአፏ አትጠጣም። ውሃው ውስጥ ቁጢጥ ትልና በሆዷና በጭኖቿ ሥር ባለው ስስ ቆዳ ትመጠዋለች። የምትተነፍሰውም በሳንባዋ ብቻ ሳይሆን በቆዳዋም ጭምር ነው። ውሃና አየር የሚያሳልፍ ቆዳ ደግሞ ሌላውንም ያሳልፋል። የእጄ ላብ ጨው አለው። ሎሽኑ፣ የሳሙናው ቅሪት፣ የእጅ ማጽጃው አልኮል፣ የትንኝ መከላከያው እኔን ምንም አይለኝም። እሷን ግን ሊጎዳት ይችላል። በዚያ ላይ የራሷ ሙቀት የላትም፣ ሙቀቷ የአካባቢዋ ነው። ቤቷን ቀን ቀን ከ24 እስከ 28 ዲግሪ አደርገዋለሁ። መዳፌ ከዚያ ይሞቃል። እኛ ማቀፍ የምንለው ነገር ለእሷ ሙቀትና ጨው ነው።

የግድ ሲሆን ግን እይዛታለሁ። ቤቷ ሙሉ በሙሉ ሲጸዳ፣ ወይም ቁስል አለ ብዬ ስጠራጠር። እጄን በሳሙና ታጥቤ ለረጅም ጊዜ አለቀልቀዋለሁ። ከዚያ ክሎሪን በሌለው ውሃ አርሼ፣ ሳላደርቀው እገባለሁ። ዱቄት የሌለው ጓንትም እርጥብ ከሆነ ጥሩ ነው። ከላይ አፈፍ አላደርጋትም። ለብዙ ትንንሽ እንስሳት ከላይ የሚመጣ ነገር አዳኝ ነውና። መዳፌን ከሆዷ በታች አስገብቼ እጠብቃለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ራሷ ትወጣለች። መስታወቱን ከያዘች አልጎትታትም። የጣቶቿ ጫፍ ላይ ያሉት ክብ ንጣፎች ብርድ ብርድ እያሉ፣ አንድ በአንድ ወደ መዳፌ ሲሻገሩ ይሰማኛል። ደስ ይላል፣ አልዋሽም። ከጠቆረች ወይም ሽንቷን ከለቀቀች ግን በቃ፣ ወዲያው ትመለሳለች። በኋላ እጄን እንደገና በሳሙና እታጠባለሁ። እንቁራሪቶች ሳልሞኔላ የሚባል ሆድ የሚያሳምም ባክቴሪያ ሊኖራቸው ይችላል። ከቆዳቸው የሚወጣው ፈሳሽም ዓይን ከነካ ያቃጥላል።

ባልይዛት የማየው አላጣሁም። እንዲያውም ብዙ ያየሁት እጄን ስሰበስብ ነው። አንድ ምሽት ጀርባዋን ጎበጥ አድርጋ አፏን ደጋግማ ትከፍት ጀመር። ላየው ሰው የታመመች ትመስላለች። ቀረብ ብዬ ሳይ ስስ የሆነ ቆዳ ከጎኗ እየተላቀቀ ወደ አፏ ይሳባል። በኋለኛው እግሯ ጎኗን ገፋ ገፋ አደረገች። የመጨረሻውን በፊት እግሮቿ፣ ሹራብ እንደሚያወልቅ ሰው፣ በራሷ ላይ አሳልፋ ጎረሰችው። አሮጌ ቆዳዋን በላችው ማለት ነው። ከሥሩ የወጣው አረንጓዴ ያበራ ነበር።

የእህቴ ልጅ በመጣች ቁጥር «አክስቴ፣ ዛሬስ ልያዛት?» ትለኛለች። ባለፈው ረጅም መቆንጠጫ ሰጠኋትና አንድ ክሪኬት፣ ፌንጣ መሰል ነፍሳት፣ እንድታቀርብላት አደረግኩ። ነፍሳቱ በሁለቱ ዓይኖቿ መካከል ካለው ስፋት መብለጥ የለባቸውም። ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ3 ያለበት ዱቄትም ይነሰነስባቸዋል። እንቁራሪቷ ዘላ ጎረሰች። ልጅቷ «እንዴ፣ ዓይኗ ጠፋ!» ብላ ጮኸች። ልክ ናት። እንቁራሪት ስትውጥ ዓይኖቿ ወደ ውስጥ ይሰምጣሉ፣ ምግቡን ወደ ጉሮሮ በመግፋት ያግዛሉ። ከዚያ በኋላ ልያዛት የሚለው ተረሳ።

የውሃው ነገር ግን ቀልድ የለውም። የቧንቧ ውሃ ውስጥ ያለው ክሎሪን ውሃው ተከፍቶ ሲያድር ይተናል። ክሎራሚን፣ ማለትም ከአሞኒያ ጋር የተዋሃደ ክሎሪን፣ ከሆነ ግን በማሳደር አይወጣም፣ ማጥፊያ ጠብታ ያስፈልገዋል። እኔ ሁልጊዜ ጠብታውን እጠቀማለሁ። የተጠቀመችበትን ውሃም ደጅ አልደፋውም። ኪትሪድ የሚባል፣ በውሃም ሊዛመት የሚችል የእንቁራሪት የቆዳ ፈንገስ አለ። እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት ይህ በሽታ ቢያንስ 501 ዝርያዎችን እንዳመነመነና 90 ያህሉ ሳይጠፉ እንዳልቀረ ገልጿል። ፈንገሱን ከአገር አገር በማዛመት ረገድ የእንቁራሪት ንግድም እጁ አለበት። ስለዚህ ሰለቸኝ ብሎ ዱር መልቀቅ የሚባል ነገር በእኔ ዘንድ አይታሰብም።

ደግሞ ዕድሜያቸው ረጅም ነው። ይህ ዝርያ በደንብ ከተያዘ ከ15 ዓመት በላይ ይኖራል፣ 20 የሚያልፉም አሉ። አንድ ቀን እኔ ልንከባከባት ባልችል ማን ይረከባታል የሚለውን ከአሁኑ ማሰብ ነበረብኝ። የእህቴን ልጅ ጠየቅኳት፣ እሺ ብላለች። በሚቀጥለው ስትመጣ የውሃውን ጠብታ አለካክ አሳያታለሁ።