ተራራዬ ወለል ላይ የረገፈ ዕለት

ሸራ ላይ ስለሚለጠፍ ጀሶ አንድ ሰው ቀድሞ ቢነግረኝ ኖሮ የሦስት ሳምንት ሥዕሌ በመጥረጊያ ባልተጠረገ ነበር። ስለዚህ እኔ ልንገራችሁ።

ሥዕሉ የእንጦጦ ተዳፋት ነበር፤ መስከረም ላይ፣ አደይ ፈንድቶ፣ ባሕር ዛፉ ከሩቅ ሰማያዊ መስሎ። ሸራ ወጠርኩ፣ በከሰል ነደፍኩ፣ በአክሪሊክ መደቡን ቀባሁ። እስከዚህ የሚወራ ነገር የለውም።

ቀለሙ ትንሽ አታግሎኛል። አደይን በቢጫ ብቻ ስቀባት የፕላስቲክ አበባ ሆነች። ጥላ ልስጣት ብዬ ጥቁር ብጨምር ቢጫው ወደ አረንጓዴ ዞሮ የበሽተኛ ፊት መሰለ። ያዳነኝ ሐምራዊ ነው። ከአበባው ሥር ያለውን መሬት ግራጫ በነካው ሐምራዊ ስሸፍነው፣ ያው ቢጫ ምንም ሳልነካው በራ። ከዚያ ወዲህ ጥቁር ቀለም አልገዛም። "ያየኸውን ቀባ" የሚሉ አስተማሪዎቼ ይቅር ይበሉኝ፤ እንጦጦ ላይ ሐምራዊ አፈር አይቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ጉዱ። ተራራው በእጅ ሲዳሰስ ድንጋይ ድንጋይ እንዲል ፈለግኩ። ለዚህ ተብሎ ከውጭ የሚመጣው ማወፈሪያ ዋጋው አይቀመስም። አንድ የማከብራቸው አንጋፋ ሰዓሊ "ምን አስጨነቀህ፣ የጥንቶቹስ በጀሶ አይደል የሠሩት? በቪናቪል ሙጫ ለውሰው" አሉኝ። አላመነታሁም። ከሕንፃ መሣሪያ ሱቅ ጀሶ ገዝቼ ለወስኩ፣ በስፓቱላ ለጠፍኩ። አንዳንድ ቦታ የጣት ውፍረት ነበረው። ሰማዩንም አልማርኩት። ሲደርቅ ግሩም ነበር፤ በመስኮቱ ከጎን የሚገባው ፀሐይ እያንዳንዷን ጉብታ ጥላ ሲያስጥላት፣ ሻይ ይዤ ሳየው አረፈድኩ።

ገዢ ተገኘ፤ ወደ ዋሽንግተን የሚመለስ ሰው። በሻንጣ ስለሚሄድ ከእንጨቱ ፈትቼ መጠቅለል ነበረብኝ። እንዳይጫር ብዬ የቀለሙን ፊት ወደ ውስጥ አደረግኩ። ድርቆሽ ሲሰበር የሚሰማ ዓይነት "ቀጭ" አለ። የመጠቅለያው ወረቀት ነው ብዬ ቀጠልኩ። ለዚህች ራሴን ዛሬም አልምርም፤ መጀመሪያ ቀጭ ሲል ባቆም ግማሹ ይተርፍ ነበር። ስዘረጋው የእንጦጦ ጫፍ ከነባሕር ዛፉ ወለሉ ላይ ነው። ሸራው ላይ የቀረው ነጭ ጠባሳ። ሰውዬው ትንሽ ዝም ብሎ "ይጠገናል?" አለኝ።

የጥንቶቹ በጀሶ መሥራታቸው እውነት ነው። ግን እነዚያ ሥዕሎች ያሉት በእንጨት ገበታ ላይ ነው፤ ጀሶውም ስስ ነው። እንጨት ደግሞ አይጠቀለልም። በጨርቅ የተሠሩት የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችም ቢሆኑ ግድግዳ ላይ ተለጥፈው የሚኖሩ ናቸው። የግንበኛ ጀሶ ውሃ ጠጥቶ ድንጋይ ይሆናል፤ ሸራ ግን በእርጥበት ይላላል፣ ይወጠራል። በሥዕል ዕቃ ሱቅ በዚያው ስም የሚሸጠው ሌላ ነገር ነው፤ በአክሪሊክ የተለወሰ ስለሆነ ከሸራው ጋር ይተጣጠፋል። እሱም ቢሆን መደብ መቀቢያ እንጂ ተራራ መገንቢያ አይደለም። ይህን ሁሉ ያወቅኩት ከጠረግኩ በኋላ ነው። ለአንጋፋው ስነግራቸው "ታዲያ ማን ጠቅልል አለህ?" አሉኝ። እስካሁን ያበግነኛል፤ ልክ ናቸውና።

አሁን ጀሶ ካማረኝ በኮምፔንሳቶ ላይ ነው፣ ያውም በስሱ። ለሸራ ታጥቦ የተነፋ አሸዋ በአክሪሊክ ማጣበቂያ ለውሼ እደራርባለሁ፤ የታችኛው ሳይደርቅ ሌላ አልጭንም። መጠቅለል ግድ ከሆነ ቀለሙ ወደ ውጭ፣ በወፍራም ቱቦ ላይ። ሰማይ ላይ ምንም አልለጥፍም። ሻካራ ነገር ወደ ዓይን ይቀርባል፣ ለስላሳው ይርቃል፤ በዚያኛው ሥዕል ሰማዩ ተራራው ላይ የወደቀ ይመስል የነበረው ለዚህ ነው።

ሰውዬው በአሸዋ የሠራሁትን ሁለተኛውን ይዞ ሄደ። በደህና ደርሷል። ያኛው ቢጫ ግን አልተደገመልኝም፤ ከወለሉ የለቀምኩት አንድ ቁራጭ ከነአበባው መስኮቱ ላይ አለ።