የውሸት ነጠብጣብ ሠርቼ የራሴን ካርታ ያፈረስኩበት ጊዜ

ፀሐይ ሆዷ በድምፅ የተሞላ ነው። እኛ ጋ ግን አይሰማም፤ መሃል ላይ ያለው ጠፈር ባዶ ነው፣ ድምፅ ደግሞ በባዶ አይሄድም። የሚታየን ገጽዋ ወደ ላይና ወደ ታች ሲል ነው። አንዱ ዙር 5 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል።

እኔ የያዝኩት ሥራ ሲወራ ቀላል ነው። የድምፅ ሞገድ ወደ ውስጥ ይጠልቃል። ወደ ታች ሙቀቱ ስለሚጨምር ፍጥነቱም ይጨምራል፤ መንገዱ ይታጠፍና ተመልሶ ገጹ ላይ ብቅ ይላል። ከአንድ ነጥብ ተነስቶ በዙሪያው ያለ ቀለበት ላይ እስኪደርስ ስንት ደቂቃ እንደፈጀበት ትለካለህ። ቀድሞ ከደረሰ ታች የሆነ ነገር አፍጥኖታል ትላለህ። ዳታው እንደ ልብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2010 የመጠቀችው ኤስዲኦ የተባለችው ሳተላይት የፀሐይን ገጽ ፍጥነት በየ45 ሰከንዱ ትመዘግባለች፣ ምስሉ 4096 በ4096 ፒክስል ነው፣ ለማንም ክፍት ነው።

አንድ ትልቅ፣ ክብ የፀሐይ ነጠብጣብ መረጥኩ፤ ነጠብጣብ የምለው ገጽዋ ላይ ጠቆር ብሎ የሚታየውን፣ ማግኔቱ የበረታበትን ቦታ ነው። የብዙ ቀን ዳታ አወረድኩ፣ አጣራሁ፣ ኮዱን ለቀቅኩት። የወጣው ካርታ ያምራል! ልክ ከነጠብጣቡ ሥር የሞገዱ ጊዜ ተዛብቷል። ያን ቀን ደስታዬ ልክ አልነበረውም። የነጠብጣቡን ሥር አየሁት ብዬ ነበር።

ጥርጣሬው የመጣው ከሌላ ካርታ ነው። ለወጉ ያህል የሞገዱን ጉልበት ብቻ ሳልኩ። ነጠብጣቡ ያለበት ቦታ ጉድጓድ መስሎ ወጣ። እዚያ ድምፁ ደክሟል። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ ብራውን፣ ዱቫል እና ላቦንት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጨረሻ ነጠብጣብ ወደሱ ከሚመጣው ድምፅ እስከ ግማሽ ድረስ እንደሚውጥ አሳይተዋል። እኔም አንብቤዋለሁ። ከኔ ልኬት ጋር ግን አላገናኘሁትም። የኔ ፊልተር፣ ማለትም የምፈልገውን ሞገድ ብቻ የሚያሳልፈው ማጣሪያ፣ የሞገዱ ጉልበት ሁሉም ቦታ እኩል እንደሆነ አድርጎ ነው የሚሠራው።

ስለዚህ የውሸት ነጠብጣብ ሠራሁ። ምንም ነጠብጣብ የሌለበት፣ ጸጥ ያለ የፀሐይ ገጽ ወሰድኩ። መሃሉ ላይ የሞገዱን ጉልበት እውነተኛው ነጠብጣብ በሚቀንሰው ልክ አባዝቼ ቀነስኩ። ሌላ ምንም አልነካሁም። ያንኑ ኮድ ለቀቅኩት። የጊዜ መዛባቱ መጣ! ከሥሩ ምንም የለም፤ ያለው እኔ በማባዣ የሳልኩት ጥላ ብቻ ነው። ስክሪኑ ላይ ትንሽ አፍጥጬ ቆየሁና ኮምፒውተሩን ዘጋሁት።

በማግስቱ ከማጣራት በፊት ጉልበቱን በየቦታው እኩል አደረግኩት። የእውነተኛው ነጠብጣብ ምልክት ቀነሰ፣ ግን አልጠፋም። የቀረውን በፍሪኩዌንሲ ከፋፍዬ አየሁት። በ3 ሚሊኸርዝ (1 ሚሊኸርዝ በ1000 ሰከንድ አንድ ዙር ነው) አንድ ነገር ይላል፣ በ4 ሚሊኸርዝ ሌላ። መንገዱ ያው ሆኖ መልሱ እንዲህ ከተለዋወጠ ጣቱን የሚቀስረው ወደ ጥልቁ ሳይሆን ወደ ገጹ ነው።

ገጹ ላይ ደግሞ ያለው ማግኔት ነው። የነጠብጣብ መሃል ከ2000 እስከ 3000 ጋውስ (የማግኔት ጥንካሬ መለኪያ) አልፎም ይሄዳል። የድምፅ ፍጥነትና የመግነጢሳዊ ሞገዱ ፍጥነት እኩል የሚሆኑበት ንብርብር አለ። እዚያ ሲደርስ ድምፁ ለሁለት ይከፈላል፤ ከፊሉ በመስኩ መስመር ተሳፍሮ ወደ ላይ ያመልጣል። ተራ ቦታ ላይ ወደ 5 ሚሊኸርዝ የማይደርስ ሞገድ ገጹ እንደ ጣሪያ ሆኖ ወደ ታች ይመልሰዋል። መስኩ ዘመም ባለበት ግን ጣሪያው ያፈሳል። በዚያ ላይ የነጠብጣቡ ገጽ ራሱ ከአካባቢው ጥቂት መቶ ኪሎሜትር ዝቅ ያለ ነው፤ ስለዚህ ከሌላ ከፍታ ነው የምትለካው።

አንድ የሚያስቅ ነገር ልጨምር። በነጠብጣቡ መሃል በ12 እና በ24 ሰዓት የሚመላለስ ነገር አይቼ ለጥቂት ሰዓት ግኝት መስሎኝ ነበር። ለካ የሳተላይቷ ዙረት ነው። በሰከንድ 3 ኪሎሜትር ገደማ ስትቀርብና ስትርቅ መሣሪያዋ ፍጥነት የምትለካበትን የብረት የብርሃን መስመር ታንሸራትተዋለች፤ ማግኔቱ ደግሞ መስመሩን ሰንጥቆታል፤ መሣሪያው መስመሩን የሚያየው በ6 ቦታ ብቻ ነው።

ሁሉም ካለፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በጥር 2002 የታየውን 9787 የተባለ ነጠብጣብ በተለያዩ ዘዴዎች መርምረውታል። ከሥሩ ድምፅ ይፈጥናል ወይስ ይዘገያል በሚለው እንኳ ዘዴዎቹ አልተስማሙም። ቀድሜ ባነበው ኖሮ ስንት ሳምንት ይተርፈኝ ነበር።

አሁን እያንዳንዱን ካርታ ከውሸቱ ነጠብጣብ ካርታ ጎን ነው የማስቀምጠው። የነጠብጣቡን መሃል ፒክስሎችም ትቻቸዋለሁ። ከነጠብጣቡ ወዲህ ማዶ የጠለቀና ወዲያ ማዶ ብቅ ያለ፣ ከሥሩ ብቻ ያለፈ ሞገድ ነው የምፈልገው። ምልክቱ ደካማ ነው፣ ጫጫታው ይበዛል። እስካሁን የሰበሰብኩት ቀን አልበቃውም።